ማሽኑ የቆመ መስሎኝ

ግራ እጄን ያየ ሰው ሁሉ «ማሽን ነው አይደል?» ይለኛል። አዎ እላለሁ። ትንሿ ጣቴ ከሥሯ የለችም። ከጎኗ ያለችው እስከ መካከለኛው አንጓ ተቆርጣለች። መሃል ጣቴ አለ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ሰው የሚያየው ይህን ነው። በሽታው የጀመረኝ ግን ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ጆሮዬ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው በእንጨት፣ በብረት ወይም በወፍጮ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ነው። ባሏ ወይም አባቷ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለባት ሴትም ብታነብልኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ከድር እባላለሁ፣ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ በርና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ወርክሾፑ የእኔና የጋሽ ታምሩ ነው። ጋሽ ታምሩ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ኋላ ሸሪኮች ሆንን። እሳቸው የቸርች ሰው ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። አርብ እኔ ጁምዓ ስሄድ ሥራውን እሳቸው ይይዛሉ፣ እሑድ እሳቸው ሲሄዱ እኔ እከፍታለሁ። እንጨት ሲያለሰልሱ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ከጊዜ በኋላ ማንጎራጎራቸውን የተዉ መስሎኝ ነበር።

ካሉን ማሽኖች ሁሉ የሚጮኸው ሼፐሩ ነው። ለማያውቀው ሰው ሼፐር ሲያዩት የብረት ጠረጴዛ ይመስላል። መሃሉ ላይ ካለው ቀዳዳ አንድ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ዘንጉ ላይ ስለት ይታሰራል። ዘንጉ ሲሽከረከር ስለቱ በዓይን አይለይም። እንጨቱን እየገፉ ሲያስጠጉለት ጠርዙን እየበላ ቅርጽ ያወጣል። በር ላይ የምታዩት ጎድጎድ ያለ ጌጥ በአብዛኛው የሱ ሥራ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጆሮዬን ሳልሸፍን ሠራሁበት። የጆሮ መሸፈኛ ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣ ነበር። ያልባል፣ ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ አያሰማም እንል ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት ጭው የሚል ድምፅ ነው። ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ፣ ቤቱ ፀጥ ሲል፣ ጆሮዬ ውስጥ ከሩቅ እንደሚነፋ ፊሽካ ያለ ነገር ይጮኻል። መጀመሪያ ላይ ተኝቼ ስነሳ ይለቀኝ ነበር። ኋላ ጠዋትም አብሮኝ መነሳት ጀመረ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ ደግሞ የሰው ድምፅ እየሰማሁ ቃሉን መያዝ አቃተኝ። ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። መኪና ሲያልፍ እሰማለሁ፣ ውሻ ሲጮኽ እሰማለሁ። ሰው ሲያወራ ግን አፉ ውስጥ ጥጥ የጎረሰ ይመስለኛል፣ በተለይ ሴትና ልጅ ሲሆን። ልጄ ሂክማ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥታ ስታወራኝ «ጎሽ፣ ጎሽ» እላታለሁ። አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና ጮክ ብላ «አባ፣ እርሳሴን ሰረቁኝ እኮ ነው ያልኩህ» አለችኝ።

መስጊድም የአርቡ ስብከት፣ ኹጥባው፣ አልያዝ ስላለኝ ቀድሜ እየሄድኩ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ኢማሙ ፊት ለፊት መቀመጥ ጀመርኩ። ሰዉ ዲኔ የጠነከረ መሰለው። አንድ አባት «ማሻአላህ፣ ከድር ተለውጧል» ብለው ለሚስቴ ወንድም ነግረውታል። እኔም አፍሬ እውነቱን አልተናገርኩም። ማዞሪያው ላይ ደግሞ ረዳቱ «መርካቶ» ያለ መስሎኝ ታክሲ ውስጥ ገብቼ አስኮ የወረድኩበት ቀን አለ።

ሰዓዳ ሚስቴ ናት። እዚያው ሰፈር ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ደወለችልኝና «ስትመጣ ሻማ ይዘህ ና» አለችኝ። እኔ «ጫማ» ሰማሁ። ለሂክማ ቀይ ጫማ ገዝቼ ጨለማ ቤት ገባሁ። ሰዓዳ በስልኳ ብርሃን ጫማውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሂክማ አዲስ ጫማዋን አድርጋ በጨለማ ስትዘል አመሸች።

ሁልጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም። «ከድር፣ አታዳምጠኝም» ትለኛለች። «አንቺ ነሽ አፍሽ ውስጥ የምታወሪው» እላታለሁ። ከልቤ ነበር የማምነው። እሷ የምታወራው እየቀነሰ የመጣ፣ ድምፅዋም የደከመ ይመስለኝ ነበር። እናቷ ታመው መተኛታቸውን ከጎረቤት ሰምቼ ቤት ስገባ ተቆጣሁ፤ «እንዴት አትነግሪኝም?» አልኳት።

«ትናንት ምሳ ላይ ነገርኩህ» አለች። «እሺ አልከኝ። እሺ ብለህ ዳቦ ቆረስክ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መናገር ተወች። ቂም አልያዘችም፤ ደክሟት ነው። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር እንዴት እንደሚያደክም አሁን ይገባኛል።

ሐኪም ቤት አልሄድኩም አይባልም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮዬን በመብራት አይተው «ኩክ ሞልቷል» አሉና ለብ ባለ ውኃ አጠቡልኝ። ሁለት ቀን ያህል የተሻለኝ መሰለኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ጠብታና ኪኒን ሰጠኝ፣ ጨረስኩት፣ ምንም የለም። ሦስተኛው ግፊቴን ለክቶ ደህና ነው አለ፣ ጭው የሚለው ከጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርግ አለኝ። በመሃል የሰው ምክር ሰምቼ የነጭ ሽንኩርት ዘይትም ጨምሬበታለሁ፤ ያን አታድርጉ። ከሦስቱ ክሊኒኮች አንዱም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ማሽኑና ጆሮዬ የሚገናኙ አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የቁም ሳጥን መሳቢያ ፊት የሚሆኑ አጫጭር እንጨቶችን ሼፐሩ ላይ እያስገባሁ ነበር። አጭር እንጨት ለሼፐር አደገኛ ነው፣ እጅን ወደ ስለቱ ያስጠጋል። በመያዣ አስሮ መግፋት ይገባ ነበር። እኔ ግን በባዶ እጄ ነበር የምገፋው። የስለቱን መከላከያ ሽፋንም «እንጨቱን ያዘብኝ» ብዬ ጠዋት ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። ይህን የምናዘዘው ጥፋቱን ሁሉ ጆሮዬ ላይ መጣል ስለማልፈልግ ነው።

መብራት ጠፋ። ወርክሾፑ ጨለም አለ፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ። ጎረቤታችን ያለው የብረት በር ሠሪ ጄኔሬተር ስላለው መሞረዱን ቀጠለ። ሼፐር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ወዲያው አይቆምም። ዘንጉ በፍጥነቱ ብቻ ብዙ ይዞራል። ወጣት ሳለሁ ይህን በጆሮዬ ነበር የማውቀው፤ ፉጨቱ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋ ያኔ ቆመ እላለሁ። ያን ቀን ምንም ፉጨት አልሰማሁም። ስለዚህ ቆሟል አልኩ። ስለቱና እንጨቱ የሚደገፍበት ብረት መሃል አንዲት ስንጣሪ ተሰክታ አየኋትና በግራ እጄ ልነቅላት ዘረጋሁ።

አላመመኝም። መጀመሪያ የተሰማኝ እጄን አንድ ሰው በኃይል የመታኝ ዓይነት ነገር ነው። ዘወር ስል ጋሽ ታምሩ ፊቴ ቆመዋል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሸሚዛቸውን እያወለቁ ነው። ከዚያ ነው እጄን ያየሁት።

ሸሚዛቸውን ጠቅልለው እጄን አሰሩት። የብረት ሠሪው ፒክአፕ ላይ ጭነውኝ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እጄን በሁለት እጃቸው ከጭንቅላቴ በላይ ይዘው ሄዱ። ክንዳቸው ሲዝል ይታወቀኛል፣ ግን አላወረዱትም። እኔ «ያ አላህ» እላለሁ፣ እሳቸው «ጌታ ሆይ» ይላሉ። ሾፌሩ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም።

ሐኪሞቹ የሄዱትን ጣቶች መመለስ አልቻሉም። ሼፐር እንደ ቢላ አይቆርጥም፣ ይፈጫል። የመሃል ጣቴን ጅማት ግን ሰፍተው አተረፉልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታምሩ ብርቱካን ይዘው መጡ። አልጋዬ ጎን ተቀመጡ። ያኔ ሕመሙ መጥቷል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ነው ያደርኩት፣ ውስጤም አንድ ሐሳብ ገብቷል።

«ጋሽ ታምሩ፣ ከኋላዬ ነበሩ አይደል?» አልኳቸው።

«ነበርኩ።»

«ዘንጉ እየዞረ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።»

«አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፣ ከድር። ተው፣ አልቆመም ብዬ ጮህኩ።»

«አልጠሩኝም» አልኳቸው።

ብርቱካኑን እያሻሹ አዩኝ። «ጠርቼሃለሁ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«ቢጠሩኝ እሰማ ነበር። ጥፋትዎን ለመሸፈን አይዋሹብኝ።»

እኒህን ሰው ከሃያ ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። ሜትር ስይዝ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ውሸታም አልኳቸው። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሰዓዳ እግሬ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ነገር ልትለኝ ስትል አየኋትና ፊቴን አዞርኩ።

ቤት ከገባሁ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ዝም እላቸዋለሁ። ትንሽ ይቀመጡና «አይዞህ» ብለው ይሄዳሉ። ኋላ ወደ ውስጥ መግባቱን ተዉት፤ የያዙትን ለሂክማ በር ላይ ሰጥተዋት ይመለሳሉ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጋሽ ታምሩ ቆመው እያዩ ነው ማሽኑ የቆረጠኝ» ብዬ አወራሁ። ይህ ወሬ ሰፈር ውስጥ ዞሮ እሳቸው ዘንድ እንደደረሰ አውቃለሁ።

እጄ ሲድን ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ፤ የደረቀውን ጣት በእንቅስቃሴ የማላላት ሕክምና ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። መጠበቂያው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። እጁ የተሰበረ፣ የተቃጠለ፣ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። የመጀመሪያ ቀን አጠገቤ የነበሩ እናት ሙዝ ሰጡኝና በአንድ እጄ ስታገል አይተው መልሰው ወሰዱት፣ ላጡና ግማሹን ሰጡኝ። «አንድ እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል» አሉ። የራሳቸው ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ሳይንቀሳቀስ ተኝቷል፤ ሙዙን የላጡት በጥርሳቸውና በግራ እጃቸው ነው። እኔም አፍሬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማረሬን ቀነስኩ።

የምታክመኝ ሲስተር ማርታ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ትዕግሥተኛ ናት። እጄን ለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ ጣቴን አንድ በአንድ እያጠፈች ትሠራለች። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት የአፍ መሸፈኛ አድርጋ መጣች። የምትለውን መከተል አቃተኝ። እጠፍ ስትል እዘረጋለሁ፣ ዘርጋ ስትል ዝም እላለሁ። ሥራዋን አቆመችና ተመለከተችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ዞራ ሄደች። የሆነ ዕቃ ልታመጣ ነው ብዬ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቆይታ ተመልሳ ፊቴ ተቀመጠች፣ የአፍ መሸፈኛውን ወደ አገጯ አወረደች።

«አራት ጊዜ በስምዎ ጠራሁዎት» አለችኝ።

«መቼ?»

«አሁን፣ ከኋላዎ ቆሜ። ጋሽ ከድር፣ እርስዎ የሚሰሙት አፌን እያዩ ነው።»

እጄ ውኃው ውስጥ እንደተነከረ ነው። እሷም አልቸኮለችም። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝና «ይህን ይዘው የጆሮ ምርመራ ክፍል ይሂዱ። እጅዎን እኔ አለሁለት» አለች።

ምርመራው የሚደረገው ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫ ያደርጉልሃል፣ በእጅህ አንድ ቁልፍ ይሰጡሃል፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ትጫናለህ። መጀመሪያ አንዳንድ ወፍራም ድምፅ ሰማሁና ተጫንኩ። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅሁ። ማሽኑ የተበላሸባቸው መሰለኝና በመስታወቱ አሻግሬ ባለሙያዋን አየኋት። መቆጣጠሪያውን ታዞራለች፣ ታየኛለች፣ እንደገና ታዞራለች። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅ እየላከችልኝ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስቀርብ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፣ የማሽን ጩኸት ዓመት በዓመት ያረግፋቸዋል፣ አንዴ ከረገፉ አይበቅሉም አለኝ። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ፉጨት፣ የልጅ ድምፅ፣ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ያሉ ፊደላት። ለዚህ ነው ድምፅ እየሰማህ ቃል የሚያመልጥህ አለ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «አራት እርምጃ ያህል ከኋላዬ ሆኖ፣ ጎረቤት ሌላ ማሽን እየሠራ፣ ሰው ቢጠራኝ እሰማለሁ?»

«አትሰማም።»

«ቢጮህስ?»

«አንድ ድምፅ እንዳለ ልታውቅ ትችላለህ። ስምህ እንደሆነ ግን አትለየውም።»

ከዚያ ወጥቼ ቤት አልሄድኩም። ታክሲ ይዤ ወርክሾፑ ሄድኩ። ጋሽ ታምሩ ብቻቸውን አንድ የበር ጠርዝ በእጅ መላጊያ ይልጋሉ፤ በሼፐር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሼፐሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጥሎበታል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነኩትም ነበር። ሲያዩኝ መላጊያውን አስቀመጡ።

የምርመራ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መስመሩ ከግማሹ ጀምሮ እንደ ገደል ወደ ታች ይወርዳል። ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ያዩታል።

«ጋሽ ታምሩ፣ ጠርተውኛል» አልኳቸው። «ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል። ጆሮዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ነው፣ ሁሉንም ቃል ያዝኩት።

«አልዋሸህም፣ ልጄ። ግን ንጹሕም አይደለሁም» አሉ። «ጠርቼህ ቆምኩ። አራት እርምጃ ነው። ሦስት ጊዜ ከምጠራህ ሁለቱን ጠርቼ ሦስተኛውን ብራመድ እጅህን እይዘው ነበር። እኔ ይህን ነው ይዤ የማድረው።»

«እንደማልሰማ አያውቁም ነበር።»

«አላውቅም። ግን የሚራመድ እግር ነበረኝ።»

የተላገው እንጨት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ከታሰረ በኋላ እጄን አይተውት አያውቁም ነበር፣ እኔ እደብቅባቸው ስለነበር። ሰጠኋቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው የቀሩትን ጣቶቼን አንድ በአንድ ነኩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። በማግስቱ ያን ወሬ ያወራሁላቸው ሰዎች ቤት እየዞርኩ «ውሸቱ የእኔ ነው» አልኩ። ከጣቴ ይልቅ ያ ከበደኝ፣ ግን አደረግሁት።

ማዳመጫ መሣሪያ ለማግኘት ሁለት ወር ጠበቅን፤ ሰዓዳ የዕቁቧን ተራ ለዚሁ አዋለችው። መሣሪያው የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውን ያጎላል እንጂ። የመጀመሪያው ሳምንት አስቸጋሪ ነበር። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ያስደነግጠኛል። የራሴ ጫማ ሲረግጥ ሰው የተከተለኝ ይመስለኛል። ሐኪሙ ታገሥ፣ አእምሮህ ይለምደዋል ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

በዚያው ሳምንት ሳሎን ተቀምጬ ጀርባዬን ለኩሽናው ሰጥቼ ነበር። ሰዓዳ እዚያ ሆና ለራሷ እንደምታወራ ዓይነት «ዛሬ ደግሞ በርበሬው በዛ መሰለኝ» አለች።

«እኔ በዛ ያለ ነው የምወደው» አልኳት።

በሩ ላይ ብቅ አለች፣ ማንኪያው በእጇ ነው። ዓመታት ሙሉ «ምን አልሽ?» ሳልላት በትክክል መልሼላት አላውቅም ነበር። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ እናቷ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ሂክማ አስተማሪ አወራችኝ። ወጡ ሥር እስኪይዝ ድረስ አወራች።

ወደ ሥራ የተመለስኩት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሼፐሩን ጋሽ ታምሩ ናቸው የገለጡት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቆሜ ብቻ አየሁ። አሠራራችንን ግን ለወጥን። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ አድርገንበታል። ሲዞር ቀለበት ይመስላል፣ ሲቆም ነጥብ ይሆናል። ነጥቡን በዓይናችን ሳናይ እጅ ወደዚያ አይሄድም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማጥፊያውን እንዘጋለን፣ ሶኬቱን እንነቅላለን፤ ካልሆነ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ስለት ስንቀይርም ሶኬቱ የተነቀለ መሆን አለበት፤ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ዘንጉን በእጅ አዙረን የሚነካው ነገር እንደሌለ እናያለን። እንጨት የሚገፋው ስለቱ ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። አጭር እንጨት ያለ መያዣ አይገባም። ሽፋኑ አይፈታም። ማሽን ላይ ያለን ሰው ከኋላ ማንም አይጠራም፣ አይነካም፤ ዞሮ ፊት ለፊቱ ይቆምና እስኪታይ ይጠብቃል። ጆሮ ሳይሸፈን ማሽን አይነሳም፤ እኔ መሣሪያዬን አውልቄ መሸፈኛውን አደርጋለሁ።

ባለፈው ወር ከሰፈራችን ባለሙያዎች አምስት ሆነን ለጆሮ ምርመራ ሄድን። ከመካከላችን መላኩ አለ፤ ያን ቀን በፒክአፑ ሆስፒታል ያደረሰኝ ጎረቤታችን የብረት በር ሠሪ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ቀልደኛ ነው። መንገዱን ሙሉ «እኔ ጆሮዬ የጉንዳን እግር ይሰማል፣ የመጣሁት እናንተን ለማጀብ ነው» ሲለን ነበር። ሚስቱ ከዓመት በፊት «ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው» ብላ ወደ ወላጆቿ ሄዳ በሽማግሌ የተመለሰች ናት።

ከምርመራው ሲወጣ ወረቀቱን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የእሱም መስመር የት ላይ እንደሚወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

«አንተ ለሚስትህ ምን አልካት?» አለኝ።

«ብዙ አላልኩም። እስክትጨርስ አዳመጥኳት።»

ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስልኩን አወጣና ወርክሾፑ ደውሎ ዛሬ ዝጉት አለ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ የሥራ ቀን ነው። እኛ ወደ 18 ማዞሪያ ስንመለስ እሱ አብሮን አልወረደም። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ፣ ቤቱ ጋ ወረደ።